ለሰርግ የሚከራየው የስፖርት መኪና

ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚሄደው ሚኒባስ ከፊት ለፊቴ ጋቢና የተቀመጠ ጎልማሳ ሾፌሩን ይዞ ያማርራል።

«የስፖርት መኪናዬን የፍሬን ሸራ ገና በቅርቡ ነው የቀየርኩት፤ ይኸው አልቆ ሲጢጥ ይላል! ነገ ልጄን ልድርበት ነው።»

«ምን ይሠሩበታል?»

«ለሰርግ አከራየዋለሁ።»

«ታዲያ ቀኑን ሙሉ ከጨፋሪ ኋላ ፍሬን ረግጠው እያዘገሙ፣ እንዴት አያልቅ?»

«ጨፋሪውን ልግጨው?»

«ኧረ አይግጩ! ሸራውን ግን አይስደቡት።»

«ባለፈውም እንዲሁ ሲጮህብኝ ሙሽሮቹን ቡሬ መግቢያ ላይ አውርጄ ጋራዥ ሮጥኩ።»

«በሰርጋቸው ቀን?»

«መኪናዬ ይሰበር?»

«ነገ ቢጮህስ፣ የራስዎንም ልጅ ያወርዷታል?»

«በማርያም! እሷንማ እንዴት አድርጌ!»

ያን ዕለት በቬሎዋ አቧራው ላይ ቆማ ባጃጅ የጠበቀችው የእኔ ልጅ ነበረች፤ ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ሳብ አድርጌ፣ ለነገ ባጃጅ እንዳይጠፋለት ተመኘሁ።