የሻጋታ ምራቅ

ለሚመለከተው ሁሉ ይታወቅ፤ ረቡዕ ረፋድ ላይ የእህል መጋዘኑ ኃላፊ አንድ ፍሬ ለውዝ ፈለፈሉ። ውስጡ አረንጓዴ ሻጋታ ነበር። እፍ አሉበትና ወደ ዘይት መጭመቂያው በሚሄደው ጆንያ ጣሉት።

ለናሙና ለውዝ ልትወስድ ጎራ ያለችው የእህታቸው ልጅ አየቻቸው። የላቦራቶሪ ሠራተኛ ናት፤ ዝም ማለት አልሆነላትም።

«ጋሼ፣ ይሄን ሰው ሊበላው?»

«ዘይት ከሆነ በኋላ ማን ያየዋል? እኛስ ቤት ሠላሳ ዓመት የበላነው ይኼንኑ አይደል?»

«ባለቤትዎን እትዬን ጉበታቸውን አሟቸዋል። ሐኪሙ ከሻገተ ለውዝ ተጠንቀቁ አላለም?»

«ሐኪም ደግሞ ምን የማይለው አለ!»

ከቦርሳዋ ሁለት የተከደኑ ብርጭቆ ሳህኖች አወጣች።

«ሻጋታ ጥርስ የለውም፤ መጀመሪያ ምራቁን ይተፋል። ኢንዛይም የምንለው እሱን ነው። ፍሬውን ከውጭ አሟሙቶ ይመጠዋል።»

«ከአንዳንድ ዘመድ ይሻላል፤ ምራቁን እንኳ ይዞ ይመጣል።»

«ሁለቱም ሳህን ውስጥ ስታርች አለ፤ አዮዲን ሲነካው ይጠቁራል። እዚህኛው ላይ ሻጋታው ዙሪያውን በልቶ ነጭ ቀለበት ትቷል። እዚያኛው ላይ ግን እስከ ሻጋታው ጠርዝ ጥቁር ነው። ቅጠል ቀቅለን በጭማቂው ከብር ጨው በዓይን የማይታይ የብር ቅንጣት ሠራን። እዚያኛው ሳህን ላይ ስንጨምረው ቅንጣቱ ኢንዛይሙ ላይ ተለጥፎ ሥራ አስፈታው።»

ጋሼ ሳህኖቹን ወደ መስኮቱ ዘርግተው አገላበጡ።

«በይ እንግዲያው በሻገተው ላይ እንርጨውና መጭመቂያ እንላከው!»

«የለም! ሻጋታው አንዴ ያወጣው መርዝ በዚህ አይጠፋም። ይሄ ገና ሙከራ ነው፤ ከተሳካም ለዘር ነው። የሻገተው ዛሬውኑ ይወገድ፤ መጋዘኑም ይናፈስ።»

ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኔም የምለው እኮ ይኼንን ነው። ዘሩ ይበቅላል፣ ጆንያው አይሸትም፣ ሰውም ንጹሕ ዘይት ይበላል።» ሰው ሲረታ ሐሳቡ ድሮም የራሱ ነበር።

በዚህ መሐል እትዬ ምሳ ይዘው ገቡ። የዓይናቸው ነጩ ቢጫ ሆኗል።

«ደግ ጊዜ መጣሽ፣ ልጄ! አጎትሽ ባመጣው ዘይት ነው የሠራሁት፤ ብሉ።»

ልጅቱ ከጧት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም። «ጠግቤያለሁ፣ እትዬ።»

«እኔም ውጭ በልቻለሁ» አሉ ጋሼ።

«አንተማ መቼ ቤት በልተህ ታውቃለህ!» እትዬ እየሳቁ ጆንያ ላይ ተቀመጡና ማንኪያ አነሡ። አፋቸው ጋ ሲደርስ ቆሙ። ባላቸውን አዩ፤ ባላቸው ጣሪያውን ያያሉ። ልጅቱን አዩ፤ እሷ ደግሞ መሬቱን።

እትዬ ማንኪያውን አስቀምጠው ሳህኑን ቀስ ብለው ከደኑት።