ስማቸው «ሟች» የተባለ ሰዎች

ቆቦ መሬት ጽሕፈት ቤት ውስጥ የድሮ የመሬት ፋይሎችን ኮምፒውተር ውስጥ ስናስገባ አንዲት ሴት ከሮቢት መጣች። የአባቷ ፋይል ካልተገኘ አጎቷ ማሳውን ሊነጥቃት ነው። በአባቷ ስም «ሰይድ» ብዬ ፈለግኩ፤ የለም።

«እንዴት የለም፣ ወንድሜ? አርሶ ያሳደገኝ ሰው እኮ ነው!»

ሌሎቹን ወረቀቶች ሳይ ነው የገባኝ። ወረቀቱን የሚያነበው ሶፍትዌር የመጀመሪያውን ቃል ሁሌ ስም ብሎ ይመድባል፤ የሞተ ሰው ወረቀት ደግሞ የሚጀምረው «ሟች» ብሎ ነው። በስም «ሟች» ብዬ ብፈልግ ስክሪኑ ሞላ። አባቷም እዚያው ነበሩ። ሶፍትዌሩ ያንን ቃል እንዲዘለው አስተካከልኩት፤ የሁሉም ስም ተመለሰ።

ፋይሉን አትሜ ሰጠኋት፤ አልሄደችም። ስክሪኑ ላይ ጎንበስ ብላ እስላም ክርስቲያን ሳትል ሟቾቹን በየስማቸው ትጠራቸው ጀመር፤ «አላህ ይማርህ፣ ገብሬ። አላህ ይማርሽ፣ ዘይነባ።»

እኔም ስሞቹን ወደ ታች አወርድላታለሁ።