ነጭ ጫማ ለጋሬጣ

— ሄሎ… ሄሎ፣ ማን ልበል?… ትንሽ ጮክ ይበሉ፣ መኪናው እየጮኸ ነው… አንቺ፣ እስኪ እሱን መኪና አንዴ አቁሚልኝ!

ሚስቱ የስፌት መኪናውን አቆመች። ጫማ ሰሪው ስልኩን በጆሮውና በትከሻው መሃል ወትፎ፣ በቀኝ እጁ የጀመረውን ሶል ማስቲሽ መቀባት ቀጠለ። ጠባቧ ሥራ ቤት ከወለል እስከ ጣሪያ በእግር ቅርጽ በተጠረበ የእንጨት ፎርማ ተሞልታለች፤ እያንዳንዱ ፎርማ ላይ የባለ እግሩ ስም በእርሳስ ተጽፏል።

— ጋሬጣ!… አንተ ነህ እንዴ? ድምፅህን ምን ነካው? ከጉድጓድ ውስጥ የምታወራ ነው የምትመስለው።

ጋሬጣ እናቱ ያወጣችለት ስም አይደለም፤ የሬስሊንግ ስሙ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በአዳራሹ በሚደረገው ትግል ክፉው ሰው እሱ ነው። ዳኛው ዞር ሲል ዓይን ይጠነቁላል፣ ለሰላምታ የተዘረጋለትን እጅ ትቶ ጆሮ ይጎትታል። ጥቁር ቡትሱን ላለፉት አሥር ዓመታት የሚሠራለት ይሄ ጫማ ሰሪ ነው። ጫማ ሰሪው ደግሞ ጫማ ሰሪ ብቻ አይደለም፤ ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ ከምሰሶው አጠገብ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንድ ቅዳሜ ሳያዛንፍ የተቀመጠ የሬስሊንግ አፍቃሪ ነው።

— ጎንህን?… ተሰነጠቀ? ስንት?… አንድ ብቻ! የጎድን አጥንት ተሰንጥቆ «ብቻ» ይባላል?… ሐኪሙ ምን አለህ?… ስድስት ሳምንት። ተኛ ካለህ መተኛት ነዋ።

— ምን ልታዘዝ ታዲያ?… ቡትስ? ባለፈው የሠራሁልህ ምን ሆነ? አፉን ከፍቶ ነው?… ደህና ከሆነማ ሌላ ምን ያደርግልሃል?… ምን ዓይነት?… ሄሎ፣ ትሰማኛለህ? ነጭ ነው ያልከኝ?

የማስቲሹ ብሩሽ አየር ላይ ቆመ። በዚያ አዳራሽ ነጭ ጫማ የሚያደርገው ደጉ ነው፤ ልጆች በትከሻቸው ላይ ተሸክመውት ሊዞሩ የሚፈልጉት፣ ሴቶች አበባ የሚወረውሩለት። ክፉ በነጭ ጫማ ታይቶ አያውቅም።

— ልትለወጥ ነው እንዴ?… ደግ ልትሆን… ማን ፈቀደልህ?… ሥራ አስኪያጁም እሺ አለ። ስምህስ? ጋሬጣ ተብሎማ ደግ የለም… ምን?… እስኪ ድገምልኝ… «ቅን ልብ»?

ሚስቱ ከመኪናው ኋላ ሳቋን ለቀቀችው።

— አንቺ፣ አትሳቂ፣ ሰውዬው ታሟል!… አይ፣ ለእሷ ነው… አዎ፣ እየሳቀች ነው፣ ምን ልዋሽህ። እኔም እንደምንም ይዤው ነው። ቅን ልብ!… በል እሺ፣ ይቅርታ። ምን ነክቶህ ነው?

ጋሬጣ ቀስ እያለ፣ ጎኑ እያመመው እየቆራረጠ መናገር ጀመረ።

— ልጅህ?… ሦስተኛ ክፍል ያለችው… እሺ… እሺ… ማን ነው እንደዚያ ያላት?… የክፍሏ ልጆች… «አባትሽ አታላይ ነው፣ ዓይን ይጠነቁላል»… ውይ!… የልጅ አፍ እኮ ነው… አይ፣ ልክ ነህ፣ የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም… ሐሙስ ምን አለ?… የወላጅ ስብሰባ… ምን ብላ?… አንተ አትምጣ፣ እማዬ ብቻ ትምጣ አለችህ?

ጫማ ሰሪው ብሩሹን ማስቲሹ ውስጥ ነከረው። ስልኩን ከትከሻው አውርዶ በእጁ ያዘ። ክብደቱ ቀላል ያልሆነ፣ የእጁ ጉልበት ገመድ የሚበጥስ ሰው በዘጠኝ ዓመት ልጅ ቃል ሲወድቅ መስማት ደስ አይልም።

— ስማኝ… አለሁ፣ አልጠፋሁም፣ እያሰብኩ ነው። ቅዳሜ ያደረግከውን አይቻለሁ… እኔን ነው «ምንም አላደረግኩም» የምትለኝ? ተጋጣሚህን መብረቅን ከገመዱ ላይ ሲያዳልጠው ከሥሩ የገባኸው አውቀህ ነው። ሕዝቡ አላየም፤ እኔ ግን እግር ሳይ ነው የኖርኩት… አትከራከረኝ።

— ሠላሳ ዓመት ሙሉ ማንን ስወድ እንደኖርኩ ታውቃለህ?… አታውቅም፣ ጠይቀኸኝ አታውቅም። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ዘላዮቹ ነው። እኔ ዘላይ አልወድም። መዝለልማ ፌንጣም ይዘላል… ማይክራፎን ይዘው ግማሽ ሰዓት የሚለፈልፉትንም አልወድም፤ ለወሬማ ቤቴ ሚስቴ አለችልኝ… ለምሳሌ ነው የኔ እመቤት፣ ለምሳሌ!… ወንበር አንስተው የሚማቱትንማ ስማቸውን አትጥራብኝ። ወንበር ለመቀመጫ ነው የተሠራው።

— የኔ ሰው ሞረድ ነበር… ስሙን ሰምተህ ይሆናል፣ እሱን ግን አልደረስክበትም። እኔ ገና ወስፌ አያያዝ ስለምድ ነው ያየሁት። አጭር፣ ራሰ በራ፣ ቦርጫም፣ ሲናደድ የሚነክስ። ሰዉ መንገድ ላይ ሲያየው ወደ ማዶ ይሻገራል፣ ይሄን ያህል ይጠሉት ነበር። እኔ ግን እግሩን ሳይ፣ እግሩ ምን ጊዜም ቀድሞ ነው የሚደርሰው። ማን የት እንደሚወድቅ፣ ሰውዬው ሳይወድቅ ያውቃል። ከሞረድ ጋር የታገለ ሁሉ በማግስቱ ሥራው ይገባል። ቃሬዛ የሚመጣው ደጎቹ እርስ በርስ ሲታገሉ ነው!… ትስቃለህ፣ እውነቴን ነው።

— ከእሱ ቀጥሎ ናዳ… አዎ ሴትዮዋ፣ ዳቦ ቤት ትሠራ የነበረችው። ስትወድቅ አዳራሹ እንደ ከበሮ ይመታ ነበር። ስትነሳ ደግሞ አትቸኩልም፤ አንድ ጉልበት፣ እረፍት፣ ሁለተኛው ጉልበት። ልብህ አብሮ ነው የሚነሳው… ምን አልሽ?… ይቅርታ፣ ሚስቴ ናት። ናዳ ናት አንደኛ፣ ሞረድ ሁለተኛ ነው ትላለች። ሬስሊንግ አልወድም የምትል ሴት ናት እኮ! አዳራሹን ረግጣው አታውቅም፣ ዛሬ ደረጃ ታወጣለች።

ሚስቱ ክር በመርፌ ቀዳዳ አሾለከች። በየቅዳሜው ማታ ራት ላይ ሙሉ ግጥሚያውን ከነእንቅስቃሴው ሲተርክላት የኖረ ማን ሆነና!

— ትወና ነው የሚሉትንም አውቃለሁ… ይሁን፣ ትወና ይሁን። ወለሉ ግን መተወን አይችልም። ወለል ወለል ነው… ሦስተኛ? ሦስተኛ የለኝም… ተወኝ፣ ሰውን ፊት ለፊት ማሞገስ አልችልበትም።

ይሄኔ ሚስቱ፣ ስልኩ ውስጥ እንዲገባ አድርጋ፣ በቤቱ ውስጥ ከጋሬጣ ሌላ የሬስለር ስም ከተነሳ ዓመታት እንዳለፉ ተናገረች።

— ሰማሃት?… እንግዲህ ሰምተሃል። እኔ አላልኩም።

ጫማ ሰሪው ፊቱ ስለሞቀው ከግድግዳው ላይ የጋሬጣን ፎርማ አወረደና አቧራውን በክንዱ ጠረገ።

— በል አድምጠኝ። ነጭ ስፋ ካልከኝ እሰፋለሁ፤ ነጭ ቆዳም አለኝ። ደግ መሆን ነውር አይደለም። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ፤ መብረቅን ሌላ ቀን ቢያዳልጠው ማን ነው ከሥሩ የሚገባለት?… አዎ… አላውቅም፣ እኔም ስለማላውቅ ነው የጠየቅኩህ።

— ልጅቷ አሁን የት ናት?… ቤት? በሰኞ ቀን?… ሆዷን ነው የሚያማት። ሰኞ ጠብቆ የሚመጣ የሆድ ቁርጠት አውቀዋለሁ። እስኪ አገናኘኝ… ስጣት እንጂ፣ አልበላትም።

ጫማ ሰሪው ጉሮሮውን ጠረገ። ከሕፃን ጋር በስልክ ካወራ ቆይቷል፤ የራሱ ልጆች ጢም አውጥተዋል።

— ሄሎ… እንዴት ነሽ የኔ እናት?… እኔ የአባትሽን ጫማ የምሠራው ነኝ… አዎ፣ ሽማግሌው። ሆድሽ እንዴት ሆነ?… ትንሽ ትንሽ። አይዞሽ፣ ይተውሻል። እኔ የምልሽ፣ ከሬስለሮቹ ማንን ነው የምትወጂው?… መብረቅን!

ስልኩን ከአፉ አራቀና ለሚስቱ «መብረቅን» ሲል በከንፈሩ ብቻ ነገራት። ሚስቱ እጇን ጉንጯ ላይ አደረገች።

— ደብተርሽ ላይ ለጥፈሽዋል?… አይ፣ ጥሩ ምርጫ ነው፣ ጎበዝ ልጅ ነው። ቅዳሜ ምን እንደሆነ አባትሽ ነገረሽ?… መሸነፉን ብቻ። እንግዲያው እኔ ልንገርሽ፤ ግን ይሄን ነገር አባትሽ፣ መብረቅ ራሱ፣ እኔና ሚስቴ ብቻ ነን የምናውቀው። አምስተኛዋ አንቺ ነሽ። ሚስጥር ትችያለሽ?… ጎሽ።

— መብረቅ የመጨረሻውን ዝላይ ሊዘል ጥግ ያለው ገመድ ላይ ወጣ። አባትሽ የተሸነፈ መስሎ መሃል ላይ ተዘርሯል። መብረቅ ሲመጣ አባትሽ በግራ በኩል ተንከባሎ እንዲያመልጥ ተነጋግረዋል፣ እሺ? እንደዚያ ነው የሚሠራው። ታዲያ ልክ ሲዘል ላብ የነካው ገመድ እግሩን አዳለጠው። በእግሩ መምጣቱ ቀርቶ በጭንቅላቱ መጣ… አዎ፣ ወደ ወለሉ… አዎ፣ አንገቱ ይሰበር ነበር። አባትሽ በግራ መሄዱን ትቶ በቀኝ ተንከባለለና በደረቱ ተቀበለው… ፍራሽ ሆነለት፣ እንደሱ በይው። አንቺ ከኔ ይልቅ አሳምረሽ አልሽው። ያ ጎኑ ላይ ያለው ፋሻ ከዚያ የመጣ ነው።

— ከዚያማ መብረቅ ላዩ ላይ ስለሆነ ዳኛው ሦስት ቆጥሮ አሸናፊ አለው፣ ሰዉ ጨፈረ፣ አባትሽ ደረቱን ይዞ እየተሰደበ ወጣ… አልተናገረም… ቢናገርማ ጨዋታው ይፈርሳል። ክፉ ሰው ከሌለ መብረቅ ማንን ያሸንፋል? ብቻውን ከአየር ጋር ሲታገል ልታዪው ትፈልጊያለሽ?

ልጅቷ ለአፍታ ሳቀች፤ ወዲያው ግን ድምፅዋ ኮስተር አለ።

— ዓይን?… ይሄ ጥሩ ጥያቄ ነው። አይነካም እኮ! አውራ ጣቱ የምታርፈው ቅንድብ ላይ ነው፤ ተጋጣሚው ነው «ዓይኔን!» የሚለው። አባትሽን አሳየኝ በይው፣ ትራስ ላይ ያሳይሽ… ሄሎ?… ሄሎ፣ አለሽ?

ስልኩ የሆነ ነገር ላይ ተቀመጠ። ትንንሽ እግሮች ሲሮጡ ተሰማ፣ አልጋ ሲጢጥ አለ፣ ከዚያ የጋሬጣ ጩኸት መጣ፤ ጫማ ሰሪውም ወደ ስልኩ ጮኸ።

— በዚያኛው ጎን! ልጄ፣ በዚያኛው ጎን እቀፊው!

ሚስቱ ደነገጠችና ብድግ አለች። እሱ እጁን ዘርግቶ ተቀመጪ አላት፤ ፈገግ ማለቱን ስታይ ተቀመጠች። ሁለቱም የሚሰማው ማንሾካሾክ እስኪያልቅ ጠበቁ። ቃሉ አይለይም፤ ብቻ ረዘም አለ።

— ሄሎ… ወንድሜ… ተረጋጋ፣ አልቸኩልም… ምን አለችህ?… ለስብሰባው ና አለችህ! ግን ምን?… ያን ኮፍያህን እንዳታደርግ? እሱንስ እኔም አልወደውም፣ እውነቷን ነው… በምንም አትከራከር፣ ኮፍያውን ተው… ነጩስ ጫማ?… ተውከው?… አይ፣ ለኔ ብለህ እንዳይሆን። ለኔ ሁለቱም ቆዳ ነው… እሺ። እርግጠኛ ነህ?… ለሥራ አስኪያጁ አንተው ንገረው እንግዲህ፤ ቅን ልብን ለሌላ ሰው ይስጠው።

— ስትድን የመጀመሪያዋ ቅዳሜ?… ልጅቷ ልትመጣ? እናቷ ከፈቀደች ምን ችግር አለ፣ እኔ አጠገብ ትቀመጣለች፣ ከምሰሶው ጎን… ቆይ አንዴ፣ እዚህ የሆነ ነገር እየተባለ ነው… አንቺም?… አንቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ?… ሄሎ፣ ሚስቴም እመጣለሁ እያለች ነው። ሕፃን ልጅ ከወንድ ጋር ብቻዋን እንዴት ትቀመጣለች አለች። ሰበብ ስትፈልግ ነው እኮ የኖረችው!

— ምን ትላለች ልጅቷ?… አንተን መስደብ ይፈቀድላት እንደሆነ?

ጫማ ሰሪው ጥያቄውን እንደ ሙያ ጥያቄ ቆጠረው። አገጩን አሸት አሸት አደረገ።

— ይፈቀዳል በላት። ግዴታም ነው። ሥራህን አሳምረህ ስትሠራ ያልተሰደብክ እንደሆነ ሰው አላየህም ማለት ነው። እኔ አሥር ዓመት ጉሮሮዬ እስኪዘጋ ስሰድብህ የኖርኩት ለምን ይመስልሃል?… ልትለማመድ?… አሁን?… ይሁን፣ ትሞክረው!

ከወዲያ አንድ ቀጭን ድምፅ ጣሪያ የሚበሳ ጩኸት ለቀቀ። ጋሬጣ ሳቀ፣ ሳቁን ሳይጨርስ «ጎኔን!» አለ፣ ደግሞ ሳቀ፣ ስልኩም ከእጁ አምልጦ ወለል ላይ ሲላተም ተሰማ።

— ሄሎ?… ጋሬጣ?… አትሳቅ እንጂ፣ ሳቅ አይሆንህም እኮ… ሄሎ?… ሄሎ?

መስመሩ ተቋርጧል። ጫማ ሰሪው ስልኩን ዘግቶ ጆሮውን በትንሽ ጣቱ ወዘወዘና ወደ ሚስቱ ዞረ።

— ጉሮሮ አላት፣ አለ።