የአውድማው ነፋስና የባቡሩ ድልድይ

ኢንጂነር ቱሪያ የረሳችውን የመስክ ደብተር ልትወስድ ከሰዓት በኋላ ወደ ዓይን ሰፍሳፍ መንደር ባትመለስ ኖሮ ሌባዋን አታገኘውም ነበር። ደብተሯን አንሥታ ስትመለስ ከወንዙ ሽቅብ በሚወጣው ጠባብ መንገድ ላይ ሀጅ ቡዓዛ በበቅሎ ብቅ አሉ። ከኮርቻው ከተንጠለጠለው ስልቻ ቀይ ቀለም የተቀቡ አራት ችካሎች አንገታቸውን አውጥተዋል። ባቡሩ ሸለቆውን የሚሻገርበትን መሥመር ለማሳየት በዚያው ማለዳ በገዛ እጇ የተከለቻቸው ናቸው። በሦስት ሳምንት ውስጥ ሲነቀሉ ይህ ስድስተኛ ጊዜ ነው፤ ቆጥራዋለች።

"ሰላም ለአንቺ ይሁን ልጄ! እንዴት ነሽ? እናትሽ ደህና? አባትሽ ደህና?"

"ደህና ናቸው። ሀጅ፣ እነዚያ..."

"ወንድሞችሽስ? የራባት ሙቀት እንዴት ይዟቸዋል?"

"አልሐምዱሊላህ። ሀጅ፣ እነዚያ ችካሎች የእኔ ናቸው።"

"የአንቺ ከሆኑ እኔ ማሳ ውስጥ ምን ይሠራሉ?"

ቱሪያ ዐይኗን ጨፍና እስከ አምስት ቆጠረች።

"ባለፈው ማክሰኞ አርባ ሦስት ወንዶች ተሰብስባችሁ ነበር። ንድፉን ዘርግቼ ሦስት ጊዜ 'ቅሬታ ያለው?' ብዬ ጠየቅሁ። እርስዎ ምን አሉኝ?"

"'እናንተ የተማራችሁ ናችሁ፤ ያላችሁት ይሁን' አልኩ።"

"እኔም 'ተቃውሞ የለም' ብዬ ጻፍኩ!"

"ታዲያ ምን ልበልሽ? እንግዳ ሆነሽ ሻያችንን እየጠጣሽ 'ያመጣሽው አይረባም' ልበልሽ? ያልተቀጣን መሰልንሽ?"

"በፊቴ 'ይሁን'፣ ጀርባዬን ስሰጥ ነቀላ! ይኼ ነው ጨዋነት?"

"ችካል አይቀየምም፤ የሚቀየም ሰው ነው" አሉ ሀጅ በእርጋታ።

ይሉኝታ ደግ ልማድ ነው፤ ጎረቤትን ከጎረቤት ያኖራል። ነገር ግን ለግብዣ የሚበጀው ሁሉ ለግንባታ አይበጅም። ሲሚንቶው ከደረቀ በኋላ የሚወጣ እውነት ለቅሶ እንጂ ምክር አይባልም።

"እሺ" አለች ቱሪያ፣ "መሥመሩ ምን አደረገዎት?"

ሀጅ ከበቅሏቸው ወርደው አሥራ አንድ ቤተሰብ እህሉን ወደሚወቃበት ክብ አውድማ ወሰዷት።

"በንድፍሽ ድልድዩ የሚጀምረው ከየት ነው?"

"ከዚያ ከወይራው። ከዚያ በፊት ያለው መቶ ሃያ ሜትር ባቡሩ የሚሄድበት የአፈር ክምር ነው፤ ቁመቱ ሰባት ሜትር።"

ሀጅ ጎንበስ ብለው ከአምናው ገለባ አንድ ጭብጥ አፈሱና ወደ ላይ በተኑት። ገለባው መሬት ሳይነካ በቱሪያ ጆሮ ሥር ወደ ምሥራቅ ነጎደ።

"ገብሳችንን የምናናፍሰው በዚህ ነፋስ ነው። ክምርሽ የሚቆመው በነፋሱ መግቢያ ላይ ነው። ከዘጋሽው ምርቱና ገለባው እንደተጋቡ ይኖራሉ፤ ማን ያፋታቸዋል?"

"በስንት ሰዓት ነው የሚነፍሰው?"

"ከቀትር ሶላት እስከ ጀምበር ማዘቅዘቂያ። በአጨዳ ወቅት አንድ ቀን አይቀርም።"

ቱሪያ ደብተሯን ገለጠች። አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ወደዚህ መጥታለች፤ አሥራ ዘጠኙንም ጊዜ በማለዳ ደርሳ፣ ሙቀቱን ሸሽታ ከቀትር በፊት ተመልሳለች። ሁሉም ገጽ ላይ "ነፋስ፦ የለም" ይላል። አሁን ደግሞ በራሷ ተናደደች። ሰዓቱንና አቅጣጫውን ጻፈች።

"ሀጅ፣ ንድፉ ረቡዕ ይፈረምበታል። ከዚያ ወዲያ አንዲት ምሰሶ አትንቀሳቀስም። ነገ የመጨረሻው ስብሰባ ነው፤ ተነሥተው ይናገሩ።"

"አንቺው ንገሪያቸው። አየሽው አይደል?"

"እነግራቸዋለሁ። አለቃዬ ግን 'ባለቤቶቹ ተስማምተው የለም ወይ?' ብሎ የራሴን ጽሑፍ ያሳየኛል።"

"በወረዳው ሹም ፊት እንዴት ብዬ? በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም፣ ልጄ።"

"እህልም አይገባም!"

ሀጅ ሳቁ፤ ራሳቸውን ግን በእምቢታ ነቀነቁ። ቱሪያ በቅሎዋን አየች።

"ይህቺን ከማን ገዙ?"

"ከሐሙስ ገበያ፣ ከአንድ የተራራ ሰው።"

"ሻይ ጋበዘዎት?"

"ሁለት ብርጭቆ።"

"ታዲያ ሻይ ጠጥቻለሁ ብለው ጥርሷን ሳያዩ ገዙ?"

"አብጃለሁ? ጥርሷንም ሰኮናዋንም አይቼ፣ 'የኋላ እግሯን ታነክሳለች' ብዬ ፊት ለፊት ተከራክሬ ነው እንጂ!"

"አልተቀየመም?"

"ሳላይ ብገዛ ነበር የሚንቀኝ።"

"እርሷ ሃያ ዓመት ብትኖር ነው። ድልድዩ ግን መቶ ዓመት ይቆማል። እኔም ሻጭ ነኝ ሀጅ! በአላህ፣ ጥርሱን ይዩልኝ!"

ሀጅ የበቅሎዋን አንገት አሻሹ። በመጨረሻ "የጤና ጣቢያውንም እንዲሁ 'ይሁን' ብለን ነው ጎርፍ መውረጃ ላይ ያሠራነው" አሉ። "በየክረምቱ ሐኪሙን በጀርባችን አዝለን እናወጣለን።"

በማግሥቱ ሀጅ ቡዓዛ ከተሰብሳቢው መካከል ተነሡ። የወረዳውን ሹም መረቁ። አለቃዋን መረቁ፤ የአለቃዋን ወላጆች፣ ከዚያም ሾፌሩን። አሥር ደቂቃ ሞላ። አለቃው እስክሪብቶውን ከደነ። ቱሪያ ጥፍሯን መዳፏ ውስጥ ቀበረች።

"ነገር ግን" አሉ ሀጅ፣ "ድልድያችሁ ያነክሳል።"

ነፋሱን፣ አውድማውን፣ ክምሩን አንድ በአንድ ተናገሩ። ማንም አልተቀየመም። ወዲያው ላላ ይጦ የተባሉ አሮጊት ከአዳራሹ በር ውጭ ጮኹ፦ "ሦስተኛዋ ምሰሶ ሱፍ የምናጥብበት ድንጋይ ላይ ናት! ለእኛ ለሴቶች ማን ነገረን? እሱንም ጻፊ!" ከዚያ በኋላ ዝም የሚያሰኝ ጠፋ። ስብሰባው አራት ሰዓት ፈጀ፤ አለቃው ግንባሩን ይዞ አሥራ አራት ቅሬታ አዳመጠ።

የአፈር ክምሩ ቀርቶ በምትኩ ሦስት ምሰሶዎች ተጨመሩ፤ በመካከላቸው ነፋሱ እንደ ልቡ ያልፋል። ሦስተኛዋ ምሰሶ ዘጠኝ ሜትር ተገፋች። የመንደሩ ፍየሎች ሐዲድ ሳይረግጡ በድልድዩ ሥር ወደ ወንዙ ይወርዳሉ፤ የክረምቱ ጎርፍም መውጫ አገኘ። ምሰሶዎቹ የኮረብታውን ቢጫ ድንጋይ ስለለበሱ ከሩቅ የሚያያቸው ከሸለቆው ጋር የተወለዱ ይመስሉታል። ገብሱም በዚያ ዓመት ከገለባው ተለይቶ ንጹሕ ሆኖ ጎተራ ገባ።

ሀጅ ቡዓዛ ግን ከዚያ ወዲህ ሰኞ ሰኞ ወደ ቱሪያ ቢሮ ሳይመጡ ቀርተው አያውቁም። አንድ ቀን አቧራው ነው፣ አንድ ቀን የመኪኖቹ ጡሩምባ፣ አንድ ቀን የጥበቃው ቤት ቀለም።

"ሀጅ" አለች አንድ ሰኞ ተስፋ ቆርጣ፣ "እንዲያው ከሠራነው ሁሉ ደስ ያሰኘዎት አንድ ነገር የለም?"

"ሞልቶ! እሱ የሻይ ሰዓት ወሬ ነው፤ ቤቴ ስትመጪ እነግርሻለሁ" አሉና ወንበር ሳቡ። "አሁን ጻፊ።"