ባለ አንድ ቁልፍ ጓጉንቸር

ሥራችሁን ትታችሁ ልታስተዛዝኑን የመጣችሁ ወገኖቼ፣ እግዚአብሔር ብድራችሁን ይክፈል። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈምና ንባቤ ቢሰናከል ታገሡኝ። ይህን የሕይወት ታሪካቸውን ምንም ሳልደብቅ እንዳነብ ያዘዙኝ ራሳቸው ሟቹ ታላቅ ወንድሜ ናቸው።

ወንድሜ ከቁልፍ ሠሪው አባታችንና ከእናታችን የዛሬ ሰባ አንድ ዓመት ተወለዱ። ስድስተኛ ክፍል እንደጨረሱ የአባታችን ዓይን በመድከሙ ሞረዱን ተረክበው ብረት ጠፍንጎ የሚይዘው ሞርሳ ፊት ቆሙ። ቀልደኛ ነበሩና ቁልፍ ጣልኩ ብሎ የሚመጣውን ሁሉ፣ ራስህንም እንዳትጥል እያሉ ያስቁት ነበር።

በሃያ ስድስት ዓመታቸው አንድ የአስተዳደር ሰው አርባ ትልልቅ ጓጉንቸር አዘዛቸው። ለአንድ ጓጉንቸር ሁለት ቁልፍ መስጠት የሙያው ደንብ ቢሆንም፣ ሰውየው አንዳንድ ይበቃል አላቸው፤ እርሳቸውም ለምን ሳይሉ ሠርተው አስረከቡ። በወሩ ስማቸው በዝርዝር የተያዘ ጎረቤቶቻችን ከነልጆቻቸው ወደ ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ተነዱ፤ በሮቹና መስኮቶቹ በወንድሜ ጓጉንቸሮች ከውጭ ተቆለፉባቸው፤ በሕይወት የወጡት ዘጠኝ ናቸው። ከዘጠኙ አንዷን፣ እናታቸውንና ወንድሞቻቸውን እዚያ ያጡትን፣ ወንድሜ ከአራት ዓመት በኋላ አገቡ። ስለዚያ ትእዛዝ ግን ለባለቤታቸው ትንፍሽ አላሉም።

የዛሬ ሦስት ወር አንድ የማያውቁት ጎልማሳ ወደ ሱቃቸው ገብቶ ስልሳ ጓጉንቸር፣ ቁልፉም አንዳንድ ብቻ እንዲሆን ጠየቃቸው። ለምን ሲሉት ስቆ ወጣ። በማግስቱ ሱቁን ዘግተው ባለቤታቸውን ይዘው ወደ አዳራሹ ሄዱ፤ የመታሰቢያ ሙዚየም ከሆነ ጀምሮ ሁለቱም ሸሽተውት ኖረዋል። ጫማ የተደረደረበትን ክፍልና ፎቶግራፍ የሞላውን ግድግዳ አልፈው መስታወት ውስጥ ወዳለ ጓጉንቸር ጎንበስ ቢሉ፣ ሆዱ ላይ ሥራቸውን ሁሉ ምልክት የሚያደርጉበትን ሦስት የሞረድ ጭረት አዩ። ከሥሩ ያለው ጽሑፍ «ሠሪው አልታወቀም» ይላል።

አስጎብኚዋን ጠርተው፣ «ልጄ፣ እኔ ነኝ የሠራሁት። ይህን አጥፉና ስሜን ጻፉበት» አሏት።

ባለቤታቸው ይህን የሰሙት እዚያው ቆመው ነው። ለሦስት ሳምንት ቃል አላናገሯቸውም። ወንድሜ ልባቸው ታሞ አልጋ ላይ ሲውሉ ግን እስከ ትናንት ድረስ ውኃ ያጠጧቸው ባለቤታቸው ናቸው። ይቅር ብለዋል አልልም፤ የእርሳቸውን ቃል እኔ አልናገርም።

ወንድሜ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ሴቶች ልጆቻቸውን፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውንና እኔን ትተው ሄደዋል።

ያ ጎልማሳ ተመልሶ አልመጣም፤ ትእዛዙን ወደ ማን ሱቅ እንደወሰደው አናውቅም። እዚህ የቆማችሁ የሙያ ባልደረቦቻቸው፣ ወንድሜ የለመኗችሁ አንድ ነገር ነው፤ ሳትጠይቁ አትሥሩ።

አምላኬ ሆይ፣ በዚያ አዳራሽ ያለቁትን አስቀድመህ አስብ። የወንድሜንም ነፍስ ከእነርሱ በኋላ፣ ምሕረትህ በፈቀደችው ስፍራ አሳርፍ። ለእኛም የመጠየቂያ ጊዜ አትንፈገን። አሜን።