የዶኛ ቲልዳን አጥንት ማን ያጸዳዋል?

ክቡር አባ፣ የካንሱክ አባቶችና እናቶች፣ አበልጆቼ፣ የትናንት ተማሪዎቼ፣ ባሕር ተሻግረሽ መጥተሽ በመካከላችን የቆምሽው ኪርስተን፤ እንደምን አደራችሁ። ፀሐይ ሳይበረታ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ጥላ ያጣችሁ ወደ ግድግዳው ጠጋ በሉ።

እኔ ፕላሲዶ ኤክ ነኝ። አብዛኞቻችሁን ፊደል ያስቆጠርኩ እኔ ስለሆንኩ፣ ብረዝምም ትታገሱኛላችሁ። ሮሰንዳ ለኪርስተን ስለምትተረጉም በአጭር በአጭሩ እንድናገር አስጠንቅቃኛለች። ግንበኛችን ሴፌሪኖም የመቃብሩን ፉካ ሊዘጋ ሲሚንቶውን ለውሶ ቆሟል። ባልዲውን ያያል፤ ከዚያ እኔን ያያል። ቆይ ሴፌሪኖ፤ ውሃ ጠብ አድርግበት። አልጨረስኩም።

«ቆይ፣ አልጨረስኩም።» ይህ ቃል የማን ነው? እኔማ የተዋስኩት ነው። ማታ ከጫካ ሊመልሳቸው የመጣውን የመኪና ሾፌር ዶኛ ቲልዳ ምን ይሉት ነበር? ዝናብ ሲመጣ ደመናውን ቀና ብለው እያዩ ምን ይሉት ነበር? ክቡር አባ፣ እርስዎንስ ቅዳሴ ሊገባ ሲል፣ የቤተ ክርስቲያኑን በር ቅርጽ እየሳሉ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ምን አሉዎት? እርስዎም ቆዩላቸው። እኛም ውጭ ቆመን ጠበቅን።

ዛሬ የምንሸኛቸው ቲልዳ፣ እኛ በአክብሮት «ዶኛ» ያልናቸው፣ ከሃያ ስምንት ዓመት በፊት ከጥንት ቅርስ ቁፋሮ ቡድን ጋር መጡ። አገራቸው ዴንማርክ ነው፤ ሥራቸው መሳል ነበር። ጫካ ውስጥ ያለውን ፍርስራሽ፣ እኛ «ድንጋዮቹ» የምንለውን፣ አንድ በአንድ በእርሳስ ይስላሉ። ካሜራ እያለ ለምን ይደክማሉ ብዬ ጠይቄአቸዋለሁ። ካሜራ ሁሉንም እኩል ያያል አሉኝ። እጅ ግን የትኛው መስመር የጠራቢው፣ የትኛው የዝናብ እንደሆነ ሳይወስን አይንቀሳቀስም። ይህን ሲነግሩኝ ሰዓታቸውን አላዩም፤ እኔንም አላዩም። ድንጋዩን ነበር የሚያዩት።

አንድ ጊዜ የቁፋሮው አለቃ ፊቱ የተሰበረ የንጉሥ ምስል አምጥቶ፣ ፊቱን ሞልተው እንዲስሉት አዘዛቸው። እንዲህ ያሉ ነገሥታት ምን እንደሚመስሉ የታወቀ ነው፤ አፍንጫው እንዲህ፣ ከንፈሩ እንዲህ አለ። ዶኛ ቲልዳ አንገቱ ድረስ ሳሉና እርሳሳቸውን አስቀመጡ። «ከዚህ በላይ ያለውን አላየሁትም» አሉት። አለቃው ተቆጣ። ሥዕሉ ግን እስከ ዛሬ አንገቱ ላይ እንደቆመ ነው። ያን ቀን ወደድኳቸው። አርባ አንድ ዓመት ልጆችን የለመንኩት ይህንኑ አልነበረም? ያላያችሁትን አትጻፉ ስል አልነበር የኖርኩት?

ስለዚህ ተማሪዎቼን ወሰድኩላቸው። አርባ ሁለት ልጆች። እያንዳንዱን ልጅ አንድ አንድ ድንጋይ ፊት አስቀመጡት። አንድ ሰዓት ሙሉ ድንጋይህን ሳል፤ ሌላ ሥራ የለህም አሉት። ልጆቹ አጉረመረሙ፤ እኔም በልቤ አጉረምርሜአለሁ። ሮሰንዳ ያኔ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበረች። ድንጋይዋ ላይ አንድ ትልቅ እንሽላሊት ወጥቶ ፀሐይ ይሞቃል። እሷም ከነእንሽላሊቱ ሳለችውና እንዳላይባት በእጇ ሸፈነችው። አየሁት። ላጲሴን አወጣሁ። ዶኛ ቲልዳ እጄን ያዙኝ።

«ይተዉት መምህር፤ እንሽላሊቱ እኮ እዚያ ነበር» አሉኝ።

ላጲሴን ወደ ኪሴ መለስኩ። ሮሰንዳ፣ እየሳቅሽ መተርጎም አይቻልም። ቀጥዪ።

ከሦስት ዓመት በኋላ ቁፋሮው ተዘጋ። ድንኳኑ ተነቀለ፣ ሰዎቹ ሁሉ ወደየአገራቸው ሄዱ። ዶኛ ቲልዳ ግን በዶኛ ኒኮላሳ ፖት ጓሮ ባለችው ክፍል ቀሩ። ለምን እንደቀሩ ስንጠይቅ ምን እንዳሉን ታውቃላችሁ። ሙቀቱን ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ሲያማርሩ ኖሩ፤ ደስ ብሏቸው ነው የሚያማርሩት። ጠዋት ትኩስ ዳቦ፣ ከሰዓት የመረብ አልጋቸው፣ በመካከሉ ድንጋዮቹ። ሌላ ነገር ሲመኙ የሰማ ካለ እጁን ያውጣ። እኔ አልሰማሁም።

አሁን ወደዚያች ኅዳር ልውሰዳችሁ። የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ፤ ያልነበራችሁም እንደነበራችሁ ሆናችሁ ስሙኝ።

እንደ ልማዳችን የሟቾቻችንን አጥንት ለማጽዳት፣ እንደዛሬው ሁላችንም እዚሁ መቃብር ተሰብስበናል። ፉካዎቹ ተከፍተዋል፣ የአጥንት ሣጥኖቹ ወርደዋል፣ አሮጌው ጨርቅ ወጥቶ አዲሱ ጥልፍ ተዘጋጅቷል። ዶኛ ኒኮላሳ የአባቷን ሣጥን አወረደች። ጎረቤቷ ዶን ኤሌውቴሪዮ ድዙል ደግሞ ጀርባውን ሰጥቷት፣ ከጎኗ ያለውን የእናቱን ሣጥን ያወርዳል። ጀርባውን የሰጣት ለምንድን ነው? በኮምጣጣው ብርቱካን ዛፍ ምክንያት። ግንዱ በእሷ ግቢ፣ ፍሬው በእሱ ግቢ። አሥራ አንድ ዓመት ሰላምታ የላቸውም።

ኒኮላሳ ዶኛ ቲልዳን አግዢኝ አለቻቸው። ጨርቅ እንዲይዙላት ብቻ ነበር። እሳቸው ግን ከቦርሳቸው የሥዕል ብሩሻቸውን አወጡ። በቁፋሮ እንደለመዱት አጥንቱን እየጠረጉ፣ ከራስ እስከ እግር በቦታ በቦታው ደረደሩት። ከዚያ አንዱን አጥንት አንሥተው አገላብጠው አዩት።

«ኒኮላሳ» አሉ በመጨረሻ፣ «አባትሽ ስንት እግር ነበራቸው?»

«ሁለት፤ ሁለቱም ሰነፎች» አለች ኒኮላሳ።

«እዚህ ግን ሦስት የጭን አጥንት አለ። ሁለቱ የግራ ናቸው።»

ልብ በሉ፤ እኛ በየዓመቱ እናጸዳለን እንጂ አንቆጥርም። አባቱን የሚቆጥር ማን አለ? ያኔ አንድ አሮጊት ትዝ አላቸው። ከዚያ ሰባት ዓመት ቀደም ብሎ ያ ትልቁ አውሎ ነፋስ ፉካዎቹን አፍርሶ ሣጥኖቹን በትኖ ነበር። የወደቀውን በችኮላ ነበር የሰበሰብነው። ኤሌውቴሪዮ ጀርባውን እንደሰጠ ሁሉን ይሰማል። ቀስ ብሎ የእናቱን ሣጥን ከፈተ። ቆጠረ። ደግሞ ቆጠረ። አንድ የጭን አጥንት ብቻ ነው ያለው።

ዞሮም ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ለኒኮላሳ የመጀመሪያውን ቃል ተናገራት፤ «እንግዲህ አባትሽ ሰባት ዓመት ሙሉ የእናቴን እግር ይዞ ተኝቷል» አላት።

እሷስ መቼ ትተወዋለች? «እናትህ ናት የገባችበት፤ አባቴማ ዓይነ አፋር ነበር» አለችው።

መጀመሪያ የሳቀው ማን እንደነበር እስከ ዛሬ እንከራከራለን። እኔ ክቡር አባ ናቸው እላለሁ። ዶኛ ቲልዳ ግን አልሳቁም። ሜትራቸውን ዘርግተው ሁለቱን የግራ አጥንቶች ለኩ። አጭሩ የኤሌውቴሪዮ እናት አጥንት ነው። የምድጃውን ምጣድ በርጩማ ላይ ካልቆመች የማትደርስበት ሴት እንደነበረች ሁላችንም እናውቅ ነበርና ማንም አልተከራከረም። ኒኮላሳ አጥንቱን በአዲስ ጨርቅ ጠቅልላ፣ በሁለት እጇ ለኤሌውቴሪዮ ሰጠችው። በዚያ ሳምንት የሙታን በዓል መብላችንን፣ ፒቡን፣ ሁለቱ ቤቶች ከአንድ የመጋገሪያ ጉድጓድ አወጡ። የዛፉ ነገር ዛሬም አልተፈታም። ግን አሁን እየተነጋገሩ ነው የሚጣሉት።

ቆይ ሴፌሪኖ። አልጨረስኩም። የመጣሁበትን ገና አልተናገርኩም።

ከአራት ዓመት በፊት የሟች ባለቤቴን የፌሊሲያናን ጨርቅ ስቀይር፣ ዶኛ ቲልዳ ያቺ አግዳሚ ወንበር ላይ ከአጠገቤ ተቀምጠው እርሳስ ይቀርጹ ነበር። ብሩሻቸውን አውሰውኝ ነበር። ከእሳቸው በኋላ ሁላችሁም በብሩሽ አይደለም እንዴ የምታጸዱት?

«መምህር፣ የእኔን ማን ያጸዳዋል?» አሉኝ።

የሚሉት ገብቶኛል። በአገራችን ሟች ፉካ ውስጥ ሦስት ዓመት ይቆያል። ከዚያ ዘመድ አውጥቶ ያጸዳዋል፣ ሣጥን ውስጥ ያስቀምጠዋል፣ በየዓመቱም ይጎበኘዋል። ዘመድ የሌለው ከግቢው ጥግ ወዳለው የጋራ ጉድጓድ ይወርዳል። ስምም ጨርቅም የለው። እሳቸው አላገቡም፣ አልወለዱም። እዚህ ማን አላቸው?

እኔም እንደ መምህር መለስኩ። ደንቡን ነገርኳቸው። «ይህ የዘመድ ሥራ ነው» አልኩ።

«እሺ» አሉ። እርሳሱን መቅረጽ ቀጠሉ። ቀረጹት፣ ቀረጹት፤ በጣት የማይያዝ እስኪሆን ቀረጹት። እኔ አየሁ። አይቼም የባለቤቴን ጨርቅ አስተካከልኩ።

ከሦስት ሳምንት በፊት መታመማቸውን ሰምታ ኪርስተን መጣች። የወንድማቸው ልጅ ናት። ወደ አገራቸው ልትወስዳቸው ፈለገች፤ የምትወድ ልጅ ሌላ ምን ታደርጋለች? ዶኛ ቲልዳ ከመረብ አልጋቸው ቀና ብለው የተለመደውን ቃላቸውን ነገሯት። ሐሙስ ከሰዓት የኮምጣጣ ብርቱካን ጭማቂ ጠየቁ። ኒኮላሳ ከግንዱ በኩል፣ ኤሌውቴሪዮ ከፍሬው በኩል አንድ አንድ ብርጭቆ አመጡ። ከሁለቱም ቀመሱ፤ የማን እንደሚሻል አልተናገሩም። እንቅልፍ ወሰዳቸው፤ አልነቁም። ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነበር።

ትናንት በኒኮላሳ በረንዳ ኪርስተን አንድ ጥያቄ ጠየቀችን። እዚህ ትቼአት ብሄድ፣ ከሦስት ዓመት በኋላ እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ነው የምትጥሏት? ሮሰንዳ ይህን መተርጎም ጀመረች። እኔም አንገቴን ደፋሁ። ኒኮላሳ ግን ሮሰንዳ እስክትጨርስ አልጠበቀችም።

«ሃያ አምስት ዓመት እኔ ቤት የኖረች ሴት! እኔ ነኝ የማጸዳት» አለች።

«የእናቴን እግር የመለሰችው ለእኔ ነው፤ እኔ ነኝ» አለ ኤሌውቴሪዮ።

«አንተ? እናትህን ከአባቴ መለየት ያቃተህ?»

ጎረቤት ሁሉ ወጣ። አንድ ሰዓት ተከራከሩ። በመጨረሻ እንዲህ ተስማሙ፤ ቀኝ ጎናቸው የኒኮላሳ ነው፣ ግራ ጎናቸው የኤሌውቴሪዮ። የራስ ቅላቸውን ኪርስተን መጥታ ታጸዳለች፤ ቃል ገብታለች፣ ብሩሹንም ወስዳለች። ሮሰንዳ ጨርቁን ትናንት ማታውኑ ጀምራዋለች። እንደ ሌላው ጨርቅ አበባ አይደለም የጠለፈችበት። እንሽላሊት ነው። እኔ ደግሞ ቆጣሪ ሆኛለሁ። ሁለት መቶ ስድስት አጥንት። አንድ ቢጎድል ወይም አንድ ቢተርፍ ሣጥኑ አይዘጋም። ዕድሜዬ ሰባ ዘጠኝ ነው። እስከዚያ ባልቆይ ሮሰንዳ ትቆጥራለች፤ እኔንም ጭምር።

ዶኛ ቲልዳ፣ አሁን ለእርስዎ ነው የምናገረው።

አርባ አንድ ዓመት የሰው ልጆችን ስህተት በቀይ እርሳስ አርሜአለሁ። ዛሬ የራሴን አርማለሁ። የዘመድ ሥራ ነው ብዬዎት ነበር። ደንቡ ልክ ነው፤ አልሰርዘውም። የተሳሳትኩት ዘመዶችዎን ስቆጥር ነው። እኔም እንደ አገሬ ሰው ሳልቆጥር ሣጥኑን ዘጋሁት። የእኔን ማን ያጸዳዋል ብለው ጠይቀውኛል። መልሱ ይኸው ከፊትዎ ቆሟል። ፀሐይ መትቶታል፣ ላብ በላብ ሆኗል፣ አንዱም ግን አልሄደም። ይዩት። ያላዩትን አይስሉምና፣ ይህን ደህና አድርገው ይዩት።

በሰላም ይረፉ። ሙቀቱን እዚያም እያማረሩ ይረፉ።

ሴፌሪኖ፣ አሁን ና። ጡቡን አንሳ። ግን አደራ፣ ሲሚንቶውን አታጥብቀው፤ ከሦስት ዓመት በኋላ እንከፍተዋለን።

ይቆዩ ዶኛ ቲልዳ። አልጨረስንም።