ቁሌት የጠፋበት ቤት

በሰፈሩ የታመመ ሰው ካለ ለጤና ጣቢያ የምታሳውቀው በጎ ፈቃደኛዋ ብርቄ፣ ተራ ደርሷቸው እሁድ ማኅበር በሚደግሱት ጎረቤቷ በእትዬ ማንጠግቦሽ ደጃፍ ቆማለች፤ እትዬ በሩን ገርበብ አድርገው ክፍተቱን በገላቸው ዘግተውታል።

ብርቄ፦ ወንፊት ብቻ ነው እኮ የለመንኩዎ፤ ራሴ ገብቼ ላንሳው።

ማንጠግቦሽ፦ ትናንት ሙቀጫ፣ ዛሬ ወንፊት። ነገ ደግሞ ባልዎን ያውሱኝ ልትዪ ነው?

ብርቄ፦ ጋሼንማ እርስዎም አልቻሏቸው። ወንፊቱ ይበቃኛል።

ማንጠግቦሽ፦ ተቀዷል።

ብርቄ፦ ታዲያ የድግሱን ዱቄት በምን ሊነፉት ነው?

ማንጠግቦሽ፦ በነጠላዬ። ደህና ዋይ።

ብርቄ፦ እሺ። ግን እትዬ፣ ድግስ ደርሶ ሽንኩርት የማይቁላላበት ቤት እንዴት ያለ ነው? የእርስዎ ቁሌት እኮ ምራቄን ሲያስውጠኝ ነበር የሚውለው።

ማንጠግቦሽ፦ ጤና ጣቢያው የቀጠረው አፍንጫሽን ነው እንዴ?

ብርቄ፦ ዓይኔማ በር ተዘጋበት። መስኮቱንም በብርድ ልብስ ጋርደውታል።

ማንጠግቦሽ፦ ፀሐይ ጠልቼ ነዋ።

ብርቄ፦ ሽታ አይግባ፣ ብርሃን አይግባ፣ እንግዳ አይግባ። እናቴም ኩፍኝ ሲወጣብን እንዲሁ ነበር የምታደርገው። ትንሹ ልጅዎ ማቱ ነው አይደል?

ማንጠግቦሽ፦ ቀስ በይ፣ የበሽታውን ስም አትጥሪ። ማኅበርተኛው ከሰማ ደጄን የሚረግጥ አይኖርም። ስንት ጊዜ የጠበቅሁት ተራ ነው።

ብርቄ፦ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።

ማንጠግቦሽ፦ ተረቱን ለራስሽ ያዢው። ድግሴ ይቅርብኝ ነው የምትዪው?

ብርቄ፦ ማኅበርተኛው እኮ ልጁን አዝሎ ነው የሚመጣው። የጎረቤታችን የአስካለ ጨቅላም ትመጣለች። ከዚህ ቤት ዳቦ ብቻ ይዘው የሚመለሱ ይመስልዎታል?

ማንጠግቦሽ፦ ...ብትገቢም ሽታ አለብሽ። ልጄን ሽታ ይመታብኛል።

ብርቄ፦ ያሽቱኝ። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ሽንኩርት አልነካሁም። ለእርስዎ ስል ባሌን ደረቅ እንጀራ እያበላሁት ነው።

ማንጠግቦሽ፦ አንቺ ተንኮለኛ! ወንፊቱስ?

ብርቄ፦ ወንፊትማ ቤቴ ሞልቷል።

ማንጠግቦሽ፦ በይ ጫማሽን አውልቂና ግቢ። ሌሊቱን ሲያተኩሰው አደረ፤ ፈርቻለሁ። ግን አፍንጫሽ እኔ ቤት ብቻ እንዳይቀር፤ ከአስካለ ቤትም ቁሌት ከሸተተኝ ሰንብቷል።